ያልተሰጠ ማዕረግ

ኅዳር ሲገባ ከወንዙ ዳር ካሉት የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች የሚነሳው የበሰበሰ ገለፈት ሽታ፣ ጣፋጭም ኮምጣጣም ሆኖ፣ ከጠዋቱ ጉም ጋር ተደባልቆ ወደ ሰፈራችን ይወጣል። ሌላው ሰው ሲሸተው ወቅቱ ደረሰ፣ ሥራ ሊገኝ ነው ይላል። እኔን ግን ወደ አንዲት ቅዳሜ ይመልሰኛል። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ሰባት ጊዜ ቡና ተለቅሟል፤ ሽታው አንድም ጊዜ ሌላ ቀን አስታውሶኝ አያውቅም።

ያቺ ቅዳሜ የመጨረሻዋ ደህና ቀናችን ነበረች። ደህና የነበረችው ግን ለእናቴና ለእኔ ብቻ ነው። ወንድሜ ተመስገን በግዳጅ ላይ እንዳለ ከተገደለ ሦስት ቀን አልፎት ነበር። የእድራችን ሽማግሌዎች ሰምተዋል፣ ጎረቤቶቻችን ሰምተዋል፣ ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላቸው እትዬ ራዲያ ሰምተዋል። በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ እንደ ወሬ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ድንኳኑ ተዘጋጅቶ፣ ሊነጋጋ ሲል ነው የሚረዳው። እስከዚያ ባለ ሐዘኑ አያውቅም፤ ሌላው ሁሉ እያወቀ ደህና ዋልክ፣ ደህና ዋልሽ ይለዋል። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ያን ቀን ስንት ሰው ደህና ዋልክ እንዳለኝ አላስታውስም።

ቤታችን ከዋናው መንገድ ዝቅ ብሎ ነው። አባታችን ከሰሜን በመምህርነት ተመድቦ የመጣ ሰው ነበር፤ ፍስሐ ገነት ከተማ ሲያስተምር እናቴን አግኝቶ አገባት፣ ወደ ዲላ ሲዛወር ይዟት መጣ፣ እኔ መራመድ ሳልጀምር ሞተ። ስለዚህ አባት ምን እንደሚመስል ያየሁት በተመስገን ነው። የሚበልጠኝ በሰባት ዓመት ነው። አሁን ሳስበው ብዙ አይደለም። ያኔ ግን ትልቅ ሰው ይመስለኝ ነበር።

በሚያዝያና በግንቦት ዝናቡ ሲበረታ ቀዩ ጭቃ ጫማ እየቀማ ያስቀር ነበር። ተመስገን አንድ ላስቲክ ለሁለታችን ደርቦ፣ እኔን ከፊቱ አስቀድሞ፣ ሁለቱን ጆሮዎቼን እንደ ባጃጅ መሪ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ይነዳኝ ነበር። ወደ ግራ ሲፈልግ የግራውን፣ ወደ ቀኝ ሲፈልግ የቀኙን ጎተት ያደርጋል። «ቀስ! ጉድጓድ!» ይላል። «ፍሬን የለኝም!» እላለሁ። ጆሮዎቼ ትልልቅ ናቸው። በሩ ጋ ስንደርስ «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኾ ይለቀኛል፣ የክፍሌ ልጆች ይስቁብኛል፣ እኔ ተናድጄ እገባለሁ። ባጃጅ ብሎ የሚጠራኝ በዚያ ምክንያት ነው። ሌላ ሰው እንደዚያ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።

በክረምቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ወጣ፤ ለእሱ አልመጣለትም። የእትዬ ራዲያ ባለቤት ጋሽ ሸምሱ አይሱዙ መኪና ነበራቸው፤ ረዳት አድርገው ይዘውት አንድ የቡና ወቅት ከኮቸሬና ከይርጋጨፌ ሲያመላልስ ከረመ። ሲመለስ ልብሱ ጆንያ ጆንያ ይሸት ነበር። በተከታዩ መስከረም ለውትድርና ተመዘገበ። እናቴ ሦስት ቀን አላናገረችውም። በአራተኛው ቀን ገብስ ስትቆላ አየኋት፤ በሶ ልታስይዘው ነው ማለት ነው። እንደተሸነፈች ያኔ ገባኝ።

ከሥልጠና ሲወጣ የተመደበው እናቴ ስሙን አንድም ቀን አስተካክላ ጠርታው ወደማታውቀው ሩቅ ወረዳ ነበር። እዚያ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ከአንድ ምንጭ እየቀዱ፣ በአንድ ገበያ እየተገበያዩ ኖረው፣ በአንድ የመቃብር ቦታ ተጣልተው፣ አንዱ የአንዱን ቤት አቃጥሎ፣ ሌላው ብድሩን መልሶ፣ ነገሩ እሱ ከመሄዱ ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ አልበረደም። ከእሱ በፊት የነበሩ ወታደሮች እዚያው ሞተዋል። ከእነሱ በፊት የነበሩትም። ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። እሱ በየእሁዱ ሲደውል የሚያወራው ስለ ጀማል ነበር። ጀማል አብሮት የሚጠብቅ ወታደር ነው፤ ሙስሊም ነው፣ ሽንኩርት ሳያለቅስ ይከትፋል ይላል።

«ዓርብ ዓርብ እኔ መስጊዱ በር ላይ እቆማለሁ፣ እሁድ እሁድ ጀማል ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይቆማል» አለኝ አንድ ቀን።

«ለምን ተለዋወጣችሁ?»

«አለቃችን ነው። ክርስቲያኖቹ እኔን ሲያዩ አይተኩሱም፣ ሙስሊሞቹም ጀማልን ሲያዩ አይተኩሱም ብሎ።»

«እና አልተኮሱም?»

ሳቀ። «ባጃጅ፣ ጥያቄ አታብዛ። እማዬን ስጠኝ።»

እናቴ ሁልጊዜ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር። «ምን በላህ?» ከዚያ ዝም ብላ ትሰማዋለች፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ።

ከዚያች ቅዳሜ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ በደወለበት እሁድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ምክትል አስር አለቃነት ሊሰጡኝ ነው እያሉ ነው፣ ለእማዬ ግን እንዳትነግራት፣ ከቀረ ታዝናለች አለኝ። አልነገርኳትም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያን ነገር በሆዴ ይዤ ዞርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ወደ ቡና መጋዘን ሄደች፤ እዚያ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው የምትለይ ለቃሚ ናት፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይሠራሉ። እኔ ዩኒፎርሜን እያጠብኩ ሳለ ጋሽ መኮንን በግቢያችን በር ብቅ አሉ። ጋሽ መኮንን ልብስ ሰፊ የነበሩ፣ የእድራችን ጸሐፊ፣ የአባቴ ወዳጅ ናቸው። ወትሮ ከመንገዱ ጀምረው «ቤቶች! የሚበላ አለ?» እያሉ ነበር የሚገቡት። ያን ቀን በሩን ይዘው ቆሙ።

«እናትህ የለችም?»

«ሥራ ናት።»

«አውቃለሁ» አሉ፤ ቆይተውም «የተሜ ፎቶ አለ? ጥርት ያለ?» አሉኝ።

«ለምን ጋሼ?»

መንገዱን አዩ። «ይፈለጋል። ለእናትህ አሁን አትንገር። ነገ እኛው እንነግራታለን።»

«ማዕረጉ መጣ እንዴ?» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ዝምታቸውን አዎ ብዬ ወሰድኩት። ከዓመታት በኋላ ስለዚያች ሰዓት ጠይቄያቸው ነበር። ምን ልበልህ፣ ልጅ ላይ መርዶ በመንገድ አይጣልም፣ ማዕረግ ስትል ደግሞ ፊትህ በራ፣ ቃል አጣሁ አሉኝ። አልፈርድባቸውም። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ቃል አላገኝም ነበር።

ለሐዘን ድንኳን የሟች ፎቶ ጎልቶ እንደሚሰቀል አውቃለሁ፤ በሰፈራችን ስንት አይቻለሁ። ግን ፎቶው ከመርዶው በፊት በስውር ከቤት እንደሚወጣ አስቤው አላውቅም ነበር። ሮጬ ገብቼ የእናቴን አልበም አወጣሁ። የትምህርት ቤቱን ተውኩት፤ ወታደር ልብስ ለብሶ፣ ከጀርባው አረንጓዴ መጋረጃ ያለበትን፣ ፈገግ ሊል ሲል የተነሳውን መረጥኩ። ደግሞ ብቻቸውን አላስኬድኳቸውም። ተከትያቸው ፎቶ ቤት ሄድኩ።

ፎቶ አንሺው ታምሩ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በስድብ ነበር የሚቀበለው፤ እኔን ሲያይ «ኧረ ይሄ ጆሮ ካሜራዬ ውስጥ አይገባም፣ በሁለት ዙር ነው የማነሳህ» ይለኝ ነበር። ያን ቀን «ና የኔ ወንድም» አለኝና ወንበር ሰጠኝ። ፎቶውን ተቀብሎ ኮምፒዩተሩ ላይ አወጣው። የተመስገን ፊት ስክሪኑን ሞላው። በጣም ደስ አለኝ።

«ታምሩ፣ ማዕረግ ጨምርበት» አልኩት።

«ምን?»

«ክንዱ ላይ። ምክትል አስር አለቃ ሆኗል። በኮምፒዩተር ይቻላል አይደል? አሮጌውን ፎቶ ይዞ ማዕረግ ሲሰጠው ደስ አይልም።»

ታምሩ ጋሽ መኮንንን አያቸው። ጋሽ መኮንን ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ማሽኑ ይጮኻል። ከዚያ ታምሩ ዞሮ መሥራት ጀመረ። ከሌላ ፎቶ ምልክቱን ቆርጦ አምጥቶ፣ በክንዱ ልክ አሳንሶ፣ ከልብሱ እጥፋት ጋር አጣጥሞ ለጠፈው። «ትንሽ ወደ ላይ» እለዋለሁ፤ ወደ ላይ ያደርገዋል። «ቀጥ አድርገው» እለዋለሁ፤ ያቀናዋል። በሕይወቴ ትልልቅ ሰዎች ያልኩትን ሁሉ እሺ ያሉኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

ለእናቴ አትንገር ተብያለሁ። ግን እናቴ ቀትር ላይ የቡና አቧራ ፀጉሯ ላይ ነጭ ሆኖ፣ ወገቧን ይዛ፣ እንደ ሁልጊዜው ደክማ በሩ ላይ ስትቀመጥ አላስቻለኝም። እግሯን በውሃ ሳጥብላት ተናገርኩ። ማዕረግ መጣለት፣ ጋሽ መኮንን ፎቶ ወስደዋል፣ ነገ ሊነግሩሽ ነው አልኳት።

«ማን አለ?»

«ራሱ ነግሮኝ ነበር። ጋሼ ደግሞ ፎቶውን አሠሩት። አየሁት እኮ እማዬ፣ ማዕረጉን አየሁት።»

እግሯን ከሳፋው ሳታወጣ ተነስታ ቆመች። ከዚያ እልል አለች። እናቴ ከተመስገን መሄድ ወዲህ በሰው ሠርግ እንኳ እልል ብላ አታውቅም ነበር። ሦስት ጊዜ እልል አለች፣ እንደረጠበች ባዶ እግሯን መንገዱን ተሻግራ ወደ እትዬ ራዲያ ሱቅ ሮጠች፣ እኔም ተከተልኳት።

«ራዲያዬ! ተሜ አስር አለቃ ሆነልኝ!» ምክትል የሚለውን መንገድ ላይ ጥላው ነው የገባችው።

እትዬ ራዲያ ለአንድ ደንበኛ ምስር እየመዘኑ ነበር። መስፈሪያው አየር ላይ ቀረ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ ቀስ ብለው። «ወይኒዬ… አልሐምዱሊላህ በሁሉም ነገር።»

«ነገ ሰው ይመጣል አሉ፣ ምን ላቅርብ? ያን ለገና ያልኩትን ዶሮ አርደዋለሁ፣ ጾሙም ገና ነው። ስኳር ስጪኝ እስቲ።»

«ስኳር፣ እሺ፣ ስኳር» አሉና እትዬ ራዲያ ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ። እኔ ገረመኝ፤ ስኳሩ ከላይ መደርደሪያው ላይ ነበር። ሲነሱ ፊታቸው ሌላ ሰው ሆኗል፤ ሻሻቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው አንድ ሙሉ ኪሎ ሰጧት። እናቴ ክፈይ አትይኝም እንዴ ብላ ስትስቅ «ሂጂ አንቺ፣ ሂጂ እረፊ፣ ወላሂ ዛሬ እረፊ» ብለው ገፋ አደረጓት።

ሽማግሌዎቹ ከጎረቤታችን ቤት ተቀምጠው እየተመካከሩ ሳለ እልልታዋን እንደሰሙ በኋላ አወቅኩ። ለአንድ ሁለት ቀን እናቆየው ያሉ ነበሩ። ግን የተሜ ጓደኞች ፎቶውን ስልክ ላይ መለጣጠፍ ጀምረዋል፤ እናት ከስልክ እንዳትሰማ ሲሉ እሁድ ጠዋት እንዲሆን ወሰኑ።

ለቅሶው ሰባት ቀን ሆነ። አስከሬን አልመጣም፤ ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ያ ፎቶ ነው። በሦስተኛው ቀን አንድ የጦር መኮንን ደብዳቤ ይዞ መጥቶ በሰው መሀል ቆሞ ሲያነብ «ወታደር ተመስገን» አለ። እናቴ አንገቷን ቀና አደረገች።

«አስር አለቃ ነው ልጄ» አለችው።

መኮንኑ ፎቶውን አየ። ክንዱ ላይ ያለውን ምልክት አየ። የተለጠፈ መሆኑ ለእሱ አይጠፋውም። ታምሩ ከድንኳኑ ምሰሶ ጀርባ መሬት መሬት ያያል፤ እኔም እንደዚያው። «አዎ እናቴ» አለ መኮንኑ፤ «አስር አለቃ ተመስገን» ብሎ ማንበቡን ቀጠለ።

ከዚያ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ሆነ። የቱ ወገን ነው የገደለው? አንዱ ጥግ ክርስቲያኖች፣ ሌላው ጥግ የጋሽ ሸምሱ ዘመዶች ተቀምጠው፣ አብረው በልተው፣ አብረው ድንኳን ተክለው፣ ግን ሁለቱም ጥግ ይህንኑ በሹክሹክታ ይጠይቅ ነበር። ዓርብ ከሆነ መስጊዱ ጋ ነበር፣ እንግዲያው እነዚያ ናቸው፤ እሁድ ከሆነ ደግሞ ጀማል ነው የነበረው እያሉ ሲያሰሉ መኮንኑ ሰማቸው። «ረቡዕ ነበር» አለ። «ምንጩ ጋ ሁለቱም ቆመው፣ ሴቶች ውሃ እስኪቀዱ ሲጠብቁ። ከየት እንደተተኮሰ አልታወቀም። ጀማልም እዚያው ነው የወደቀው።» ሁለቱም ጥግ ማስላቱን ተወ። ጋሽ ሸምሱ ብቻ «መሀል የቆመ ሰው ጠላቱን እንኳ አያውቅም» ብለው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። እኔ ስለ ጀማል እናት አሰብኩ። ለእሷስ ማን ነገራት? የሚል ነገር መጣብኝ።

አሁን ሃያ ዓመቴ ነው፤ ተመስገን ወደዚያ ወረዳ የሄደበት ዕድሜ። እኔም የአሥራ ሁለተኛው ውጤት አልመጣልኝም። በቡና ወቅት ዱመርሶ ሄጄ በማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና አገላብጣለሁ፣ ወቅቱ ሲያልፍ ቤት እቀመጣለሁ። በዓመት አንድ ቀን የወደቁትን ወታደሮች ቤተሰቦች አዳራሽ ይጠሩናል፤ ሻማ ይበራል፣ ስም ይነበባል። እናቴ አትሄድም፤ እኔ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ዓመት ስሞቹ ሲነበቡ ሻማዬ ግማሽ አይደርስም ነበር። ባለፈው ዓመት እጄ ላይ አለቀ። ከሚነበቡት መሀል አብሮኝ ሰባተኛ ክፍል የተማረ፣ በጆሮዬ ይስቅ የነበረ ልጅ ስም ሰማሁ። የሞተው እዚያው ወረዳ ነው። ምንጩም፣ መቃብሩም፣ ጠቡም እንዳለ ነው። ልጅ ሳለሁ ሰው የጀመረውን ነገር ሰው ይጨርሰዋል ብዬ አስብ ነበር፤ ትልልቅ ሰዎች የሚያውቁት አንድ መጨረሻ ያለ ይመስለኝ ነበር። አሁን እኔም ትልቅ ሰው ነኝ፣ የማውቀው መጨረሻ የለም።

እናቴ ዛሬም ለቃሚ ናት፤ ዓይኗ ስለደከመ ጥቁሯን ፍሬ በጣቷ ዳብሳ ነው የምትለየው። ስለ ልጇ ስታወራ «አስር አለቃዬ» ትላለች። ማዕረጉ እንዳልተሰጠው፣ ክንዱ ላይ ያስለጠፍኩት እኔ እንደሆንኩ ነግሬያት አላውቅም። አንዳንዴ ልነግራት ከጎኗ እቀመጣለሁ። ከዚያ እተወዋለሁ። አንድ ጊዜ ደስታዋን ነጥቄያታለሁ፣ በገዛ እጄ። የዚያን እሁድ ጠዋት ማለቴ ነው።

እናቴ ከእኔ ቀድማ ተነስታ ነበር። ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን ቅቤ ቀብታ፣ ነጩን የአበሻ ቀሚስ ለብሳ ነጠላዋን ስታጣፋ ነው የነቃሁት። ዶሮው ማድ ቤት ታስሮ ይጮኻል። ከደጅ የእግር ኮቴ ስሰማ እንግዶቹ መጡ ብዬ ሮጬ የግቢውን በር ከፈትኩ።

መንገዱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ አንድም ሰው ግን አይናገርም። ወንዶቹ ጋቢያቸውን፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዙረዋል። እትዬ ራዲያ ጥቁር ለብሰዋል። ከኋላቸው ድንኳን የተጫነበት ጋሪ ቆሟል። ጋሽ መኮንን ትከሻዬን ያዙኝ። ፎቶው ለምን እንደተፈለገ ያኔ ገባኝ።

«ናቲ፣ ማን ነው?» አለች እናቴ ከውስጥ።

«ሰዎች ናቸው» አልኩ።

«ግቡ በላቸዋ! ምነው በር ላይ አቆምካቸው፣ ባለጌ!»

ሰዉ መግባት ሲጀምር ጋሽ መኮንንን እጃቸውን ያዝኳቸው። «እኔ ልንገራት» አልኳቸው።

«ልጅ መርዶ አያረዳም። ዞር በል ልጄ።»

«ማዕረግ አገኘ ያልኳት እኔ ነኝ ጋሼ።»

አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ከትከሻዬ አንስተው ወደ ኋላ ዞረው ሰዉን በመዳፋቸው አቆሙት።

ገባሁ። እናቴ ግድግዳው ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት ራሷን እያየች ነበር። «እንዴት ነኝ?» አለችኝ። እጄን ዘርግቼ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረድኩት። የማስተካክልላት መስሏት ቁመቴ እንዲደርስ ጎንበስ አለችልኝ። ነጠላውን አገላብጬ አለበስኳት፣ ጥለቱን ከታች አንስቼ ወደ አንገቷ አመጣሁት።

«ገለበጥከው እኮ ናቲዬ» ብላ ሳቀች።

አላስተካከልኩትም። ጥለቱን አንገቷ ላይ በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ፣ ሳቋን ትታ ፊቴን እስክታይ ድረስ።